አይገናኙም

አባቴ ሥራዬን ለጎረቤት ሲያስረዳ «ማህሼቭ ትጠብቃለች» ይል ነበር። ማህሼቭ በዕብራይስጥ ኮምፒዩተር ነው። ዘበኛ አደረገኝ ብዬ እስቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ብዙም አልተሳሳተም። በዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ፣ እስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ፣ ፖሌግ በሚባል የኢንዱስትሪ ዞን፣ ከአንድ የምንጣፍ መጋዘን በላይ ባለች ቢሮ ውስጥ የምንሠራው ፕሮግራም ዋና ሥራው መጠበቅ ነበር። ዳታቤዝ ላይ ቁጭ ብሎ ሰዎች ምን ምን እንደሚጠይቁት ያዳምጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዝ ማለት የሠንጠረዥ ክምር ነው። አንድ ክሊኒክ የበሽተኞቹን ስም፣ የልደት ቀንና አድራሻ በረድፍ በረድፍ ያስቀምጣል። አንድ ሰው ሲፈለግ ኮምፒዩተሩ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው ካነበበ በሩ ላይ የቆመው በሽተኛ ያረጃል። ስለዚህ ማውጫ ይሠራለታል፤ በፊደል ተራ ተደርድሮ «እገሌን ከፈለግህ እዚያ ረድፍ ሂድ» የሚል። ለሁሉ ነገር ማውጫ እንዳይሠራ ደግሞ ማውጫ ራሱ ሸክም ነው፤ አዲስ ሰው በተመዘገበ ቁጥር ሁሉም መታደስ አለበት። የቱ እንደሚጠቅም የሚወስነው ድሮ ልምድ ያለው ሰው ነበር። የእኛ ፕሮግራም ያንን ሰው እንዲተካ ነበር የታሰበው። ጥያቄውን አዳምጦ፣ ተደጋጋሚውን ለይቶ፣ የሚጠቅመውን ማውጫ ማንም ሳያዘው ራሱ ይሠራል።

አለቃዬ ከሩሲያ የመጣ ሽማግሌ መሐንዲስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የስልክ ደብተር ገልጦ ማውጫ ምን እንደሆነ ሊያስረዳኝ ሲጀምር «አውቀዋለሁ፣ አባቴ ነው» አልሁት። ዕብራይስጤ የከዳኝ መስሎት እንደገና ቀስ ብሎ ከሀ ጀመረልኝ።

አባቴ ዘር ቆጣሪ ነበር። በእኛ ዘንድ ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። በእናትም በአባትም ወደ ላይ እስከ ሰባተኛው ትውልድ ተሂዶ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ እህትና ወንድም ናቸው፤ ጋብቻ የለም። አገር ቤት ሳለን ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ በየመንደሩ አይጠፋም ነበር። እስራኤል ስንገባ ግን መንደሩ ተበተነ፣ ሽማግሌዎቹም አለቁ፤ ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ከሩቅ ከተማ ሁሉ፣ ከአፉላም ከሐዴራም፣ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሺኩን ቫቲኪም የሚባለው ሰፈር እኛ ቤት ይመጣል። አባቴ የሚያውቀውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አይዘረግፍም። መጀመሪያ «አገሩ የት ነው?» ይላል፤ ቀጥሎ «የማን ልጅ?» ይላል። ያኔ በቀጥታ ወደዚያ መንደር፣ ከመንደሩም ወደዚያ ቤት ይገባና በጣቶቹ ወደ ላይ ይወጣል። ካልተገናኙ አንዲት ቃል ይናገራል፦ «አይገናኙም።»

የመጡት ሴቶች እልልታውን ያቀልጡታል። የላይኛው ፎቅ ሞሮኳዊት በመስኮት ብቅ ብላ «ማዘል ቶቭ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ነው?» ትላለች፤ እንኳን ደስ አላችሁ ማለቷ ነው። ልጅ ሆኜ ከዚያ ቃል የሚበልጥ የደስታ ቃል አላውቅም ነበር። ከተገናኙ ግን አባቴ ቶሎ አይናገርም። ወደ እኔ ዞሮ «ውሃ ስጭኝ» ይላል። ነገሩን የሚያውቅ እንግዳ ውሃው ሳይመጣ ነጠላውን መሰብሰብ ይጀምራል።

እናቴ ሱዳን ቀርታለች። ቀብረናት ወደ ድንኳናችን የተመለስን ዕለት አባቴ አጠገቡ አስቀምጦ የእርሷን ሰባት ቤት ከትንሿ ጣት ጀምሮ በጣቶቼ አንጓ አስቆጠረኝ። አላለቀሰም፣ እኔንም አታልቅሺ አላለኝም፤ ስም ይናገራል፣ እኔ እከተላለሁ። የአንዱን ስም ስስት ከታች ያስጀምረኛል። ስድስተኛው ላይ ያለው ሰው ከስሙ ቀጥሎ «ሸማኔው» ይባል ነበር፤ እሱ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ የቀለበት ጣቴን እይዛለሁ። የሸማኔው አገር የእናቴ እንጂ የአባቴ አገር አልነበረም፤ እሱም ከአፏ ሰምቶ ነው የያዘው። ከእናቴ የቀረኝ ንብረት ያ ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲያ አባቴን አንተ እያልሁ፣ እንደ እናትም እንደ አባትም እያየሁ አደግሁ።

የወደድሁትን ሰው ያገኘሁት ፖሌግ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት ነበር። እኛ በሱዳን በኩል በእግር የመጣን «የቆየን» ነንና፣ ኩራቴን ይዤ በዕብራይስጥ አናገርሁት። በአማርኛ መለሰልኝ። እኔም ወደ አማርኛ ስዞር ሳቀ።

«አማርኛሽ የልጅነት ጫማሽ ነው እንዴ? ጠቦሻል እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው። አገሬን የለቀቅሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አማርኛዬም እዚያው ዕድሜ ላይ ቆሟል። ተናደድሁ። በማግስቱ ቀድሞ የመጣ አውቶቡስ አሳልፌ ያንኑ የእሱን አውቶቡስ ጠበቅሁ።

የብረት በርና መስኮት በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበር። ክንዱ ላይ ፍንጣሪ የተወው ነጠብጣብ ነበረው፤ ስጠይቀው «እኛ ከሰባት ቤት ጀምሮ ብረት ቀጥቃጮች ነን፣ እሳቱ እዚህም ተከትሎኝ መጣ» ይለኝ ነበር። ከሥራ ስንወጣ ሁለት ፌርማታ ቀድመን እንወርድና በእግራችን እንሄዳለን። ከባሕሩ በላይ ካለው ገደል አጠገብ ተቀምጠን የሱፍ ፍሬ እንበላለን፤ ገለባውን መሬት ላይ አይተፋም፣ መዳፉ ውስጥ ሰብስቦ እስከ ቆሻሻ መጣያው ይሸከመዋል። እኔ ዕብራይስጡን አርመዋለሁ፣ እሱ ለአማርኛዬ ሰፋ ያለ ጫማ ይፈልግለታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆንን። ደስተኛ ነበርሁ። ይህንን በግልጽ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ያወቁኝ ሰዎች ሁሉ ተፈጥሮዬ ኮስታራ ስለሚመስላቸው ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች ላከ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በሩን ገርበብ አድርጌ አዳምጣለሁ። አባቴ እንደ ልማዱ አገር ጠየቀ፣ ቤት ጠየቀ። ከአባቴ ወገን ጋር አስተያዩ፣ ደኅና ነው። ከእናቴ ወገን ጋር ማስተያየት ሲጀምሩ አራተኛው አለፈ፣ አምስተኛው አለፈ። ስድስተኛው ላይ ከመጡት አንዱ ሽማግሌ አንድ ስም ጠራ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ጣጣውን ያመጣው ስም ነው። የአባቴ ድምፅ ቆመ።

«ከየት መንደር?» አለ።

ነገሩት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ «ውሃ ስጭኝ» አለኝ።

ቧንቧውን ከፍቼ ብርጭቆው ሞልቶ በእጄ ላይ እስኪፈስ ድረስ ቆምሁ።

ማንም አላስገደደኝም። ይህን ለአባቴም ለእኛ ሰዎችም ስል እናገራለሁ፤ ጋዜጣ ላይ እንደሚጻፈው «ባህሉ አሰራት» የሚባል ነገር አልነበረም። እሑድ፣ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፣ ከሥራ ስንወጣ ፌርማታው ላይ እኔው ነገርሁት። መጀመሪያ ሊቀልድ ሞከረ። «ራባኑት እኮ ይፈቅዳል» አለ፣ ጋብቻ የሚያጸድቀውን የሃይማኖት ቢሮ ማለቱ ነው፤ «እዚህ አገር የአጎት ልጅ ያገባሉ፣ እኛን በስድስት ቤት ማን ይከለክለናል?» እንዳልሳቅሁለት ሲያይ ቀልዱን ተወ።

«እሺ፣ ሌላ ሰው እንጠይቅ» አለኝ። «የዚያ መንደር ሰው ይኖራል፣ አንዲት አሮጊት አትጠፋም። አንድ ሰው ብቻ እንጠይቅ።»

«አባቴ አይሳሳትም።»

«አባትሽን ተጠራጥሬ አይደለም። አንቺን ላጣሽ ስለሆነ ነው።»

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለውን እሱ ያውቅ ነበር። እኔ ግን ያንን ቆጠራ መጠራጠር እናቴን መጠራጠር መሰለኝ፤ የቀረችኝን ጣት የሚነቀንቅብኝ መሰለኝ። ተቆጣሁት። በቁጣዬ ላይ «ተወኝ፣ ወንድሜ ነህ» አልሁት። ያን ቃል ስሰነዝር ፊቱ ላይ የሆነውን ዛሬም አየዋለሁ። አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈርሁ፣ እሱ ቀረ። ከዚያ ወዲያ የሥራ ፈረቃውን ቀየረ።

እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ተጠመድሁ። በእነዚያ ወራት የጻፍሁትን ያህል ኮድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልጻፍሁም፤ ማልቀሻዬ ኮዱ ነበር። ከጻፍሁት መካከል አንዱ ክፍል አለቃዬን እጅግ አስደስቶት ነበር። ፕሮግራሙ አዲስ ማውጫ ሲሠራ መረጃውን ትንሽ ቆንጥሮ ያያል፤ በቆነጠረው ውስጥ የተደገመ ስም ካላገኘ «ይህ የማይደገም ነው» ብሎ ማውጫው ላይ ምልክት ያደርጋል። የማይደገም ከተባለ ፍለጋው ይፈጥናል፤ ኮምፒዩተሩ አንዱን እንዳገኘ ያቆማል፣ ሁለተኛ አይፈልግም። አለቃዬ «ምልክቱን ከማድረጉ በፊት ሰው አይጠይቅም?» አለኝ። «ከጠየቀ ምኑን በራሱ ሠራው?» አልሁት። ሳቀና ተወው።

በዚያው ዓመት እሱ አገባ። የሠርጉ ወረቀት እኛም ቤት መጣ፤ የእኛ ሰው ሠርግ ሲደግስ ማንንም አይዘልልም። አባቴ ብቻውን ሄዶ መርቆ ተመለሰ። ሙሽራዪቱን ራሱ ቆጥሮለት እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። «አይገናኙም» ብሎ ነበር።

ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት አለቃዬ ጠራኝና ፕሮግራማችንን የገዛ አንድ ክሊኒክ፣ እዚሁ ኔታንያ ውስጥ፣ ችግር አለበት አለኝ። «ከእናንተ ሰዎች ስም ጋር የተያያዘ ነው፣ አንቺ ሂጂ» አለ። ንግግሩ አናደደኝ፤ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ።

ክሊኒኩ እንደደረስሁ ፀሐፊዋ ወደ አንዲት አሮጊት ጠቆመችኝ። ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ የተራ ቁጥር ወረቀታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። በሩ ሳይከፈት ነበር የመጡት። ቢሮው ያሉት ሰዎች በሽተኛ የሚፈልጉት በስምና በልደት ቀን ነው፤ የመታወቂያ ቁጥሩን በቃሉ የያዘ ሽማግሌ የለማ። ፕሮግራማችን ይህን ሲጠብቅ ከርሞ በስምና በልደት ቀን ማውጫ ሠራላቸው፤ ቆንጥሮ ባየው ውስጥ የተደገመ ስላላገኘም «የማይደገም» አለበት። የእኛ ሽማግሌዎች ግን ሁሉም በአንድ ቀን ነው የተወለዱት። አውሮፕላን ጣቢያ ልደቱን ለማያውቅ ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ብለው ጽፈውለታል፤ ዓመቱንም በዓይን ገምተው። እኒህ እናት ስማቸውም፣ የአባታቸው ስምም፣ ልደታቸውም ከሌላ አሮጊት ጋር አንድ ሆነ። ኮምፒዩተሩ አንዷን አገኘና አቆመ።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ምን አሉዎት?» አልኋቸው።

«ትናንት መጥተሽ ቶር ወስደሻል ይሉኛል» አሉ። ቶር ማለት ተራ ነው፣ ፍቂዳ ደግሞ ፀሐፊ። «ትናንት ከቤቴ አልወጣሁም። ፍቂዳዋን አንች ልጅ፣ ያች ሌላ ናት፣ እኔ እኔ ነኝ ብላት ማህሼቩ አንድ ናችሁ ይላል አለችኝ። ለመሆኑ ማህሼቩ እናቴን ያውቃታል?»

ሳቅሁ። ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ መሆኔን አልነገርኋቸውም። እጃቸውን ይዤ፣ የእኛ ሰው ሲተዋወቅ እንደሚጠይቀው፣ «አገርዎ የት ነው?» አልሁ።

የነገሩኝ መንደር የእናቴ መንደር ነበር።

«እሰይ፣ የእናቴ አገር ነው» አልሁና ቤቱን ለማሳወቅ የስድስተኛውን ሰው ስም ጠራሁ፤ ሳላውቀው የቀለበት ጣቴን ይዣለሁ።

«የትኛው?» አሉኝ።

«እንዴት የትኛው?»

«ሁለት ነበሩ፣ ልጀ። በአገራችን አንድ ስም ለሁለት ሰው ይወጣ የለም? ይኸው እንደዛሬው የእኔ ነገር። አያቴ ስታወራ ቀዩና ጥቁሩ ትላቸው ነበር። ቀዩ ሸማኔ ነው፣ ከሰሜን መጥቶ እኛ አገር ያገባ። ጥቁሩ ቀጥቃጭ ነው፣ የመንደሩ ተወላጅ። በደም አይገናኙም። የአንች የትኛው ነው?»

«ሸማኔው» አልሁ። አፌ ነው የመለሰው።

«እንግዲያ የቀዩ ዘር ነሽ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

ብረት ቀጥቃጮች ነን ብሎኝ ነበር። ክንዱን እያሳየ፣ ስንት ጊዜ ብሎኛል። ሸማኔው የሚለውን ደግሞ ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ በጣቴ ይዤው ስዞር ኖሬአለሁ። ሁለቱም እኔው ዘንድ ነበሩ። ማውጫ ቦታውን ያሳያል እንጂ ሰውየውን አይነግርም፤ እዚያ ረድፍ ድረስ ሄዶ ማን እንደሆነ ማየት የፈላጊው ፈንታ ነው። ይህን ሌሎች ሰዎችን አስተምር ነበር፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ።

ስህተቱን ለማረም አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንድ መስመር ነው የጨመርሁት፦ ፕሮግራሙ «የማይደገም» ከማለቱ በፊት ሰው ይጠይቅ። ጽፌው ሳበቃ ደግሜ አነበብሁት። ፌርማታው ላይ የተለመንሁት ይህንኑ ነበር። አለቃዬ ስቅ ስቅ ብዬ ሳለቅስ አገኘኝና «ስህተት ነው፣ ታርሟል፣ ምን ያስለቅሳል?» አለኝ። ውሃ በወረቀት ኩባያ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። አልጠጣሁትም።

ለአባቴ ልንገረው አልንገረው ብዬ ሦስት ቀን ታገልሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ምን ይጠቅማል? ግን ዓርብ በመጣ ቁጥር ሰው እየመጣ ያስቆጥረዋል፤ ሌላዪቱን ልጅስ እንደ እኔ ቢያስቀራት? ሐሙስ ከሰዓት ሰላጣ እየከተፍሁ፣ ፊቱን ሳላይ ነገርሁት። ሁለቱን ሰዎች፣ ቀዩንና ጥቁሩን፣ የአሮጊቷን ስምና ቤት። አባቴ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ጣቶቹን ዘርግቶ ከታች ጀመረ፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ፣ «ሸማኔው» አለ ለራሱ። እንደገና ከታች ጀመረ። ይህን ሦስት ጊዜ አደረገ። ከእናቴ የሰማውን ቃል አልረሳውም ነበር፤ ያን ዓርብ ስሙን ሲሰማ የሰውየውን ሙያ መጠየቅ ነው የረሳው።

«ልጁ ወልዷል?» አለኝ።

«ሴት ልጅ።»

«ለምን ሌላ ሰው እንጠይቅ አላለኝም?»

«ብሏል። ለእኔ ብሏል» አልሁት።

አባቴ ያኔ አየኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፤ በመካከላችን ማን ማንን እንደበደለ ለመለየት የሚሞክር ይመስል ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ። በማግስቱ ከሐዴራ የመጡ ሰዎች በሩን ሲያንኳኩ «ደክሞኛል በያቸው» አለኝ።

ቅዳሜ፣ የሰንበት ጸሎት እንዳለቀ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ አልነገረኝም። የሄደበት ሰፈር ኪርያት ሀሻሮን መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት፤ ለእሱ እግር ሩቅ ነው፣ በሰንበት ደግሞ መኪና አይሳፈርም። ሲመለስ ፀሐዩ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ዞሯል። ጫማው አቧራ ለብሷል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅሁት።

«እሱ ዘንድ ሄጄ ነበር» አለኝ።

«ምን አለህ?»

«በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ልጅቱን ታቅፎ። አባባ ይግቡ አለኝ፣ አልገባም አልሁት። እዚያው በሩ ላይ ነገርሁት።»

«ምን ብለህ?»

አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«አይገናኙም አልሁት» አለ።

ከዚያ ቃል በኋላ እልልታ ሰምቼ ስላደግሁ፣ ሳላስበው ጆሮዬን አቀናሁ። ከላይኛው ፎቅ ሞሮኳዊቷ ሳህን ስታነሣ ይሰማል። ሌላ ምንም አልነበረም።

«አባ፣ ውሃ ላምጣልህ?» አልሁት።

«አምጭልኝ» አለ።